ያበጠችው ጥይት

በዚህ አገር ስለ ጥይት የማያውቅ ወንድ አልተወለደም። የሚተኩስ ነው የጠፋው! ካላመናችሁኝ ጎልማሶች ሰብሰብ ብለው ከተቀመጡበት ሂዱና «ለአደን የትኛው ጥይት ይሻላል?» ብላችሁ ጣል አድርጋችሁ ዘወር በሉ። ስትመለሱ እዚያው ናቸው፤ አንዱ ጎሽ ጥሏል፣ አንዱ ከተራራ ተራራ አነጣጥሯል፣ ሌላው ደግሞ የሁለቱን ውሸት በራሱ ውሸት እያረመ ነው። እኔ ይኸ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ጉንጭ ትዝ ይለኛል። የማን ጉንጭ እንደሆነ ቆይታችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ሥልጣኔ ላስገባላችሁ ብሎ ሲመጣ የአባቴን ቤት አቃጠለውና፣ እኔ አዲሱ ሙሽራ ከወልቂጤ የአንድ ሰዓት መንገድ በሆነች መንደር አማቴ ቤት ተጠጋሁ። አማቴን ሰው ሁሉ «አዶት» ይላቸዋል፤ በእኛ አገር እናት ማለት ነው። አዶት ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሀብታቸው አንድ ነገር ነው፦ ከጎጆው ጀርባ ያለው እንሰት። መስቀልም የሚዋለው፣ ክረምትም የሚከረመው በእሱ ነው። እንሰቱ ካለ አለን፤ ከሌለ የለንም። ነገሩ ይኸው ነው።

ጣሊያን ደግሞ «መሣሪያ የተገኘበት ይሰቀላል» ብሎ አዋጅ አስነገረ። እኛም ታዛዦች ነንና የሟቹን ምንሽር የጎጆው ክዳን ውስጥ ሰቀልናት። ጠመንጃዋ ግን ጥይት አልነበራትም። እዚህ ላይ ነው የባለቤቴ አጎት ጋሼ ድንቁ ብቅ የሚሉት።

ጋሼ ድንቁ የጥይት ሊቅ ናቸው። መቼ ተኩሰው እንደሚያውቁ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሊቅነታቸውን የሚጠራጠርም የለም።

«የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት ወፍራም ናት፣ ለጎሽ ናት» ይላሉ። «የምንሽር ግን ቀጠን ያለች፣ ሩቅ ሂያጅ! እዚህ ሆነህ ብትተኩስ ዋቤ ወንዝ ማዶ ያለውን ዝንጀሮ ስሙን ጠርታ ትመታዋለች።»

እኚህ ሊቅ ቡታጅራ ገበያ ወርደው፣ በበርበሬ ጆንያ ውስጥ ደብቀው ጥይት ይዘው መጡ። ወፍራም ወፍራም ጥይት።

«ጋሼ፣ የምንሽር ቀጭን ናት አላሉም?» አልኩ።

«አንተ ልጅ! እኔን ጥይት ልታስተምረኝ ነው? እኔ ጥይት በሽታዋ ነው የማውቀው!» አሉና አሸተቱ። አነጠሱ። በርበሬው ነው። «የምንሽር ናት!»

ታዲያ የት እንደብቃት? እዚህ ላይ የእኔ ብልሃት ገባች። ለጣሊያን የሚፈትሹት ባንዶች መደብ ይቆፍራሉ፣ ጎተራ ይገለብጣሉ፤ የቆጮ ጉድጓድ ግን አይከፍቱም። የሚብላላ ቆጮ ሽታ እኛን የሚያስርበንን ያህል እነሱን ያባርራቸዋል። ደግሞም እኛ ዘንድ እንሰት የሴት ጉዳይ ነው፤ ወንድ ጉድጓዱ አጠገብ ምን ይሠራል? እናም አዶትን ለመንኳቸው። ጥይቶቹን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ከቆጮው ጋር ቀበሯቸው። ባንዳም መጣ፣ አፍንጫውን ይዞ ሄደ። ኩራቴን አትጠይቁኝ!

ከዚያ ከርከሮው መጣ።

በየማለዳው እየመጣ እንሰቱን ከሥሩ ይገለብጠው ጀመር። ለዓመታት ተኮትኩቶ ያደገውን ነቅሎ፣ ሥሩን ቀመስ ቀመስ አድርጎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንደ ሰርገኛ ያማርጣል! አዶት የተጋደመውን እንሰት እየዳበሱ «ዘንድሮ መስቀልን ምን ይዘን ልንቀበል ነው?» አሉ። አላለቀሱም፤ ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር።

እኛ ወንዶቹ ወዲያው ተነሳን... ለስብሰባ። ጋሼ ድንቁ ከርከሮ የት ቢመቱት እንደሚወድቅ፣ በስንት ርቀት፣ በምን ጥይት አብራሩልን። ማብራሪያው ሲያልቅ ከርከሮው ሌላ እንሰት ጨርሶ ነበር። በመጨረሻ አዶት ጥይቶቹን ከጉድጓዱ አወጡልን። «አንዷ ጎደለች» አሉ ቆጮውን እየዳበሱ። ማን ይሰማል! እኔ ምንሽሯን አውርጄ ጥይቷን ላጎርስ እታገላለሁ። አልገባ አለች። ቅቤ ቀባኋት። አልገባ አለች።

ጋሼ ድንቁ ተቀበሉኝ፣ አገላበጡ፣ አሸተቱ፣ ፊታቸው በራ።

«ገባኝ! አብጣ ነው!»

«ምን?»

«ቆጮው ውስጥ ተብላልታ አብጣ ነዋ! ሊጥ ሲብላላ አያብጥም? ጥይትም ያው ነው። ፀሐይ ላይ ትሰጣ፤ ሲደርቅላት ትሟሽሻለች።»

እናንተ ዛሬ ትስቃላችሁ። እኔ ግን አዲስ አማች ነኝ፤ የባለቤቴን አጎት «ነሐስ አያብጥም» ብዬ ልናገር? አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል፤ ጋሼ ድንቁ ጤፍ በሌለበት አገር በአፋቸው ብቻ ይኸው ጥይት አሰጡኝ! በሰሌን ላይ ደርድሬ፣ ሊደርቅ ከተሰጣው በርበሬ ጎን ቁጭ ብዬ እጠብቅ ጀመር። ጋሼ ድንቁ በየቀኑ እየመጡ በጣታቸው ይለካሉ። «ቀንሳለች» ይላሉ። «ትንሽ ቀራት።» በዚያ በኩል ከርከሮው ያኝካል።

አንድ ቀን በጠዋቱ፣ እዚያው ጥይት እየጠበቅሁ ቀና ስል... ጣሊያን! ካፒታኖው ከነአስተርጓሚው፣ ከነወታደሩ አጥሩ ደጅ ቆሟል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ጥይቶቹ ላይ ተቀመጥኩባቸው።

«ተነስ! ለጌታው እጅ ንሳ!» ጮኸ አስተርጓሚው።

ብነሳ መሰቀሌ ነው። ባለቤቴ ከጓሮ ሮጣ መጣችና «ሆዱን ቁርጠት ይዞት ነው፣ ጌቶቼ! ከተነሳ... ለእናንተም አይበጅ!» አለች። ካፒታኖው ሲተረጎምለት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ይኸኔ ማን ከወታደሮቹ መሀል ብቅ ቢሉ ጥሩ ነው? አዶት! እንግዶቹን እየመሩ።

«በዚህ በኩል ነው» አሉ፣ እኔን አይተው እንዳላዩ አልፈው።

እንሰቱ መሀል ገቡ። ከአፍታ በኋላ አንድ ጥይት ጮኸ። አንድ ብቻ! ከርከሮውን በእንጨት አንጠልጥለው እየዘፈኑ ወጡ። ካፒታኖው ለአዶት ባርኔጣውን አንስቶ ሄደ። እኔ ጥይቶቹ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ የት የት እንደወጉኝ አልነግራችሁም።

«አዶት! ምን አደረጉ?» አልኩ ከጥይቶቹ ላይ እየተነሳሁ።

«ምን አደረግሁ? እኛ ክርስቲያኑም እስላሙም ከርከሮ አንነካ፤ እነሱ ደግሞ ይወዱታል አሉ። ወልቂጤ ወርጄ 'ሥጋችሁ እንሰቴን እየበላ ነው፣ መጥታችሁ ውሰዱት' አልኳቸው።»

«ለእኛ ሳይነግሩን? ልሰቀል ነበር እኮ!»

«ብነግራችሁ ስብሰባ ትቀመጡ ነበር። ጥይት ፀሐይ ላይ አስጥተህ ትጠብቀኛለህ ብዬስ በየት በኩል ልጠርጥር?» ጎንበስ ብለው የተገለበጠ እንሰት አቀኑ። «ደግሞ ያቺ የካፒታኖው ጥይት ለዱር ልጆቻችን፣ ለአርበኞቹ የመጣች ነበረች። ከርከሮ ላይ አለቀች። ይኸም አንድ ነው።»

አፈርኩ፤ ኮራሁም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና ጋሼ ድንቁ መስቀል ዕለት መጡ። ከጉድጓዱ ወጥቶ የተጋገረው ቆጮ ቀርቦ፣ ክትፎው ቀርቦ፣ እሳቸው ከጉርሻ ጉርሻ ካፒታኖው በምን ጥይት እንደተኮሰ ያብራራሉ።

«እኔ ብሆን አንድ ቀን ብቻ ብትጨመርልኝ፣ ጥይቶቹ ሟሽሸው ስለነበር...»

ቀጭ!

እጃቸውን ወደ አፋቸው ሰደዱ። ከአፋቸው አንድ ጥርስና አንዲት ጥይት አወጡ። የጎደለችው ናት! ከቆጮው ጋር ተብላልታ፣ ከቆጮው ጋር ተጋግራ። ባሩዷ ኮምጥጦ ባይሞት ኖሮ ይኸን ወግ የሚጽፍላችሁ አይገኝም ነበር። ሕይወታቸውን ሙሉ ጥይት ከአፋቸው ሲወጣ ኖሮ፣ ዛሬ መግባቷ ነው። ወደ ብርሃን አዙረው አዩዋት። ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል አዩዋት።

«የውጅግራ ናት» አሉ ቀስ ብለው።

ማንም አልሳቀም፤ ትልቅ ሰው ናቸው። ክትፎው ሳያልቅ ግን ግራ ጉንጫቸው ተነፍቶ ዓይናቸውን ሸፈነው። ባለቤቴ ደንግጣ «ኧረ አጎቴ አበጠ! ምን ይሻላል?» ብላ ብድግ አለች።

አዶት ቆጮ መቁረሳቸውን ሳያቋርጡ ቀና ብለው አዩአቸው።

«ምንም አይደል፣ ልጄ» አሉ። «ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ይሟሽሻል።»