ዳገቱ ላይ የተቀመጠው ኔፕቱን

(የመንጃ ፈቃድ መፈተኛው ግቢ በር አጠገብ አንድ አጭር ዳገት አለ። ዳገቱ ወገብ ላይ «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት ትንሽ መኪና ሞተሯ ጠፍቶ ቆማለች። መሪውን የጨበጠው ጋጋሪው ነው፤ ቅንድቡን የምድጃ እሳት የበላው፣ ሦስት ጊዜ ወድቆ ዛሬ ለአራተኛ ጊዜ ሊፈተን የመጣ። አጠገቡ የተቀመጠው አስተማሪው ነው፤ ከመንገዱ ይልቅ ሰማዩን ስለሚያወራ ተማሪዎቹ ጋሼ ፈለክ ይሉታል።)

ጋጋሪው፦ እኔ አላጠፋሁትም፣ ጋሼ።

ጋሼ ፈለክ፦ ታዲያ ማን አጠፋው? እዚህ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን። እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ ነው የተቀመጥኩት።

ጋጋሪው፦ እጅዎንስ አይቻለሁ።

ጋሼ ፈለክ፦ በእኔ በኩል ያለውን ፍሬን ረገጡት ልትል ነው? እሱ ለጌጥ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሳስተምር አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም። አንተ ነህ ፍሪሲዮኑን ቶሎ የለቀቅከው።

ጋጋሪው፦ ኧረ ቀስ ብዬ ነው። ሊጥ ላይ ጨርቅ እንደማልበስ ነው የለቀቅኩት። መኪናዋ ግን እህ አለችና ተኛች።

ጋሼ ፈለክ፦ ነዳጅስ ሰጠሃት?

ጋጋሪው፦ ከዚህ በላይ ብሰጣት ክንፍ ታወጣለች።

ጋሼ ፈለክ፦ (ስልኩን ከኪሱ እያወጣ) እንግዲያው ጥፋቱ የእግርህ አይደለም። ጠርጥሬ ነበር። የልደት ሰንጠረዥህን አወጣሁት።

ጋጋሪው፦ ምኔን?

ጋሼ ፈለክ፦ አንተ በተወለድክባት ደቂቃ ሰማይ ላይ ማን የት ቆሞ እንደነበር የሚያሳይ ሥዕል ነው። አሥራ ሁለት ቤት አለው።

ጋጋሪው፦ እኔ የምከራየው አንድ ክፍል ነው።

ጋሼ ፈለክ፦ የሰማይ ቤት ነው የምልህ፣ አንተ ሰው። በሦስተኛው ቤትህ፣ በመንገድና በጉዞ ቤት፣ ማን እንደተቀመጠ ታውቃለህ? ኔፕቱን።

(ጋጋሪው አንገቱን አስግጎ በፊት መስታወቱ ወደ ላይ አየ። መስታወቱ ላይ የደረቀ የወፍ ኩስ አለ፤ ከዚያ በላይ ደመና።)

ጋጋሪው፦ የቱ ጋ ነው?

ጋሼ ፈለክ፦ በዓይን አይታይም። ከፕላኔቶች ሁሉ የመጨረሻው ነው። እዚያ ቆመህ ብታያት ፀሐይ ራሷ የሩቅ ሻማ ነው የምትመስለው። ደግሞ ዝግተኛ ነው፤ አንድ ኮከብ ላይ ከተቀመጠ አሥራ አራት ዓመት አይነሳም።

ጋጋሪው፦ እንደ ሚስቴ ወንድም።

ጋሼ ፈለክ፦ አንተ ላይ የተቀመጠው በጀዲ ነው። ጀዲ ማለት ፍየል ነው።

ጋጋሪው፦ ፍየል ግን ዳገት ይወዳል እኮ።

ጋሼ ፈለክ፦ (ስልኩን አገላብጦ እያየ) ይሄ የሰማይ ፍየል ነው።

ጋጋሪው፦ ሰማይ ላይ ዳገት የለም?

ጋሼ ፈለክ፦ ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ።

ጋጋሪው፦ እሺ። አሥራ አራት ዓመት ከተቀመጠ ግን፣ ታላቅ እኅቴም እኔም ታናሽ ወንድሜም ስንወለድ ያው ፍየሉ ላይ ነበር ማለት ነው?

ጋሼ ፈለክ፦ ነበር እንጂ። የትውልድ ፕላኔት ነው የሚባለው።

ጋጋሪው፦ እኅቴ እኮ አውቶቡስ ነው የምትነዳው።

ጋሼ ፈለክ፦ ቤቱ ይለያያላ። ቤቱን የሚወስነው የተወለድክበት ሰዓት ነው።

ጋጋሪው፦ የእኔን ሰዓት ከየት አገኙት? እኔ ራሴ አላውቀውም።

ጋሼ ፈለክ፦ እናትህ ምን ትላለች ብዬ ስጠይቅህ ምን አልከኝ?

ጋጋሪው፦ «ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰብኩ» ነው የምትለው።

ጋሼ ፈለክ፦ እሱን ነው ወደ ሰዓትና ደቂቃ የመለስኩት።

ጋጋሪው፦ (ከልቡ ተደንቆ) ልብሱ ምን ያህል እንደነበር እንኳ ሳይጠይቁ?

ጋሼ ፈለክ፦ ዕውቀት ነው፣ ወንድሜ። አሁን ንገረኝ፤ ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ምን ይሰማሃል?

ጋጋሪው፦ የሆነ ነገር ይይዘኛል። ከሥር፣ ከማላየው ቦታ።

ጋሼ ፈለክ፦ (ዓይኑን ጨፍኖ) ቀጥል።

ጋጋሪው፦ ልሂድ ስል ወደ ኋላ ይለኛል። ግን አይጨክንም። የፈራ ሰው እጅጌ ላይ ሲንጠለጠል እንዳለው ዓይነት ነው።

ጋሼ ፈለክ፦ ፀጉሬ ቆመ። ኔፕቱንን እንዲህ አድርጎ የገለጸልኝ ሰው የለም።

ጋጋሪው፦ ፈተና ላይ ግን አይይዘኝም። ፈታኙ እርስዎ ወንበር ላይ ሲቀመጥ መኪናዋ እንደ ፌንጣ ነው የምትዘለው። ባለፈው መነጽሩ የተገኘው ኋላ ወንበር ላይ ነው።

ጋሼ ፈለክ፦ አታላይ ፕላኔት ነው። ልምምድ ላይ ይይዝሃል፤ ፈተና ላይ ይለቅብሃል።

ጋጋሪው፦ ክፉ ነው እንዴ?

ጋሼ ፈለክ፦ ምሥጢራዊ ነው። ክፉና ምሥጢራዊን ለመለየት ብዙ ማንበብ ይጠይቃል። ምክሬን ከሰማኸኝ ዛሬ አትፈተን። ቤትህን እስኪለቅ ታገሥ።

ጋጋሪው፦ መቼ ነው የሚለቀው?

ጋሼ ፈለክ፦ (ስልኩን እየዳበሰ) ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?

ጋጋሪው፦ አምስት።

ጋሼ ፈለክ፦ እሷ ስትዳር አካባቢ።

(ጋጋሪው መሪው ላይ ግንባሩን አሳረፈ። ጥሩንባው ጮኸ። ሁለቱም ደነገጡ።)

ጋጋሪው፦ ጋሼ፣ እኔ ዛሬ ካላለፍኩ የዳቦ ማመላለሻዋን መኪና የአሠሪዬ የእኅት ልጅ ይወስዳታል። አሠሪዬ ይህን ቃል ሰጥታዋለች። እኔም ዕድሜ ልኬን ምድጃው አፍ ላይ መቅረቴ ነው። ዛሬ ጠዋት ልጄ በከሰል ቅንድብ ሣለችልኝና «አሁን ሰው መሰልክ» አለችኝ። በላብ ታጥቦ ነው እንጂ አሁንም ነበረኝ።

(ጋሼ ፈለክ ፊቱን አየው። በእርግጥም ጉንጮቹ ላይ ሁለት ጥቁር መስመሮች ወርደዋል። ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።)

ጋጋሪው፦ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ኔፕቱን የማይታይ ከሆነ መኖሩን እንዴት አወቁ?

(ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ማንም ጋሼ ፈለክን ጠይቆት አያውቅም። ፊቱ እንደ ሕፃን በራ።)

ጋሼ ፈለክ፦ እሱማ ከሁሉም የሚገርመው ነው። ዩራነስ የሚባል ሌላ ፕላኔት አለ። መንገዱን እየሳተ አስቸገራቸው። ሊቃውንቱ ቢያሰሉ፣ ቢደምሩ፣ አልገጥም አለ። በመጨረሻ «ስህተቱ የሱ አይደለም፤ የማናየው ነገር እየጎተተው ነው» አሉ። ወረቀት ላይ አስልተው «እዚህ ጋ ፈልጉ» አሉ። ቴሌስኮፑን ቢያዞሩ፣ ኔፕቱን እዚያው ቁጭ ብሏል።

ጋጋሪው፦ ዩራነስን «ፍሪሲዮን ቶሎ ለቀሃል» አላሉትም?

ጋሼ ፈለክ፦ (እየሳቀ) አላሉትም።

ጋጋሪው፦ የተጎተተውን ትተው ጎታቹን ነው የፈለጉት።

ጋሼ ፈለክ፦ ገባህ። ቀስ እያልክ ይገባሃል።

ጋጋሪው፦ ጎረቤት ያለውን።

ጋሼ ፈለክ፦ ጎረቤት ያለውን፣ በትክክል።

(ጋጋሪው ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ፣ ማርሽ አስገባ፣ ነዳጅ ሰጠ፣ ፍሪሲዮኑን እንደ ሊጥ ጨርቅ ለቀቀ። መኪናዋ አቃሰተች። እሱ ግን ወደ ፊት አላየም፤ ጎንበስ ብሎ በአስተማሪው በኩል ወደ ታች አየ። ሞተሩ ጠፋ።)

ጋሼ ፈለክ፦ ወዴት ነው የምታየው? ፊትህን እይ እንጂ።

ጋጋሪው፦ አገኘሁት።

ጋሼ ፈለክ፦ ምኑን?

ጋጋሪው፦ ኔፕቱንን። ቡናማ ጫማ አድርጓል። ማሰሪያው ተፈቷል።

(ጋሼ ፈለክ ዓይኑን ከሰማይ ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ ታች አወረደ። ቀኝ እግሩ «ለጌጥ ነው» ባለው ፍሬን ላይ፣ በውርስ እንዳገኘው ርስት ተደላድሎ ተቀምጧል።)

ጋሼ ፈለክ፦ ማን እዚህ አደረገው?

ጋጋሪው፦ የትውልድ ሰዓቱን ልጠይቅልዎት?

ጋሼ ፈለክ፦ እኔ አላዘዝኩትም። እውነቴን ነው። (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እኔ እኮ ዳገት እፈራለሁ።

ጋጋሪው፦ መኪና አስተማሪ ሆነው?

ጋሼ ፈለክ፦ ለዚህ አይደል ሰማይ ሰማይ የማየው። ወደ ታች ካየሁ ያዞረኛል።

ጋጋሪው፦ እኔ ነዳጅ መስጠት የተማርኩት እርስዎ ፍሬን ላይ ቆመው ነው። ፈታኙ ደግሞ እግሩን ሰብስቦ ነው የሚቀመጠው። መነጽሩ ታዲያ ቢበርስ ምን ይገርማል?

ጋሼ ፈለክ፦ ሦስቱንም ጊዜ የጣልኩህ እኔ ነኝ ማለት ነው?

ጋጋሪው፦ የማይታየው የሩቅ ኃይል ይበሉት፤ ደስ ካለዎት። አሁን ጫማዎን ያውልቁ።

ጋሼ ፈለክ፦ ጫማዬን?

ጋጋሪው፦ ሁለቱንም። እግርዎን ደግሞ ወንበሩ ላይ ያጣጥፉ።

(ጋሼ ፈለክ ታዘዘ። ከካልሲው ቀዳዳ አውራ ጣቱ እንደ ግማሽ ጨረቃ ወጣ። ጋጋሪው ሞተሩን አስነሳ። መጀመሪያ ዘለለች፤ ደገመ፤ ነዳጁን ቀነሰ፤ ደገመ። በሦስተኛው መኪናዋ ዳገቱን እንደ ሞቀ ሊጥ ሽቅብ ወጣችው። ጋሼ ፈለክ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ሲገልጠው ከጫፉ ላይ ጣሪያዎች ሁሉ፣ ገመድ ላይ የተሰጡ ልብሶች ሁሉ ይታያሉ።)

ጋሼ ፈለክ፦ ከዚህ ላይ እንዲህ ይታያል እንዴ?

ጋጋሪው፦ አሥራ አራት ዓመት አላዩትም?

ጋሼ ፈለክ፦ እዚህ ደርሶልኝ የሚያውቅ ተማሪ የለም።

(ወደ ዳገቱ ሥር ሲመለሱ ከግቢው የጋጋሪው ተራ ተጠራ። ጋሼ ፈለክ ወረደ፤ ፈታኙ በእሱ ቦታ ገባ፤ መነጽሩን በሁለት እጁ ይዟል።)

ጋሼ ፈለክ፦ (በመስኮቱ) ጫማዬስ?

ጋጋሪው፦ ስመለስ። ኔፕቱን እስከዚያ እኔ ጋ ይቆይ።

(መኪናዋ ሄደች። ጋሼ ፈለክ በካልሲው የመንገዱ ዳር ላይ ቆሞ ዓይኑን ተከለባት። ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ቀኝ እግሩ ባዶውን አስፋልት ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። መኪናዋ አልቆመችም።)

ጋሼ ፈለክ፦ (ለእግሩ) ተው። ተው ብዬሃለሁ።

(መኪናዋ ዳገቱን ዞራ ተመለሰች። ፈታኙ ወረደ። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር። አንድ ወረቀት ፈርሞ ለጋጋሪው ሰጠውና ሄደ። ጋሼ ፈለክ ዓይኑን በእጅጌው እያበሰ የፊተኛውን በር ሊከፍት እጁን ዘረጋ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል።)

ጋጋሪው፦ ይግቡ ጋሼ፣ ቤትዎ ላድርስዎ።

ጋሼ ፈለክ፦ በሩን ክፈትልኛ።

ጋጋሪው፦ እርስዎማ ኋላ ነዎት።