የማዕበል ሳንቃ በገርጂ

ሰው ለምን አይጠይቅም? ይህን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ኖሬአለሁ። አባቶቻችን በአንድ አፋቸው «ዝም አይነቅዝም» ብለው፣ በዚያው አፋቸው ደግሞ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። የትኛውን እንደምንይዝ ግን አልነገሩንም። በደርግ ጊዜ መቼም ምርጫ አልነበረም፤ ደጃዝማችነቱም ቀርቷል፣ አፍም ተዘግቷል። ጎረቤት በጎረቤቱ ጓሮ እንግዳ ነገር ሲያይ እንዳላየ ሆኖ ያልፋል። የሚያልፈው ግን እግሩ ነው። ልቡ እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ የራሱን ታሪክ ሲፈትል ይሰነብታል፤ ፈትሎ የጨረሰ ቀን ይዞላችሁ ይመጣል። እኔ ቤት የመጣው በማለዳ ነው፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ።

እኔ ዳዊት ከመድገም ያለፈ ትምህርት የለኝም። እንጀራዬ በርና መስኮት መሥራት ነበር። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወዲያ፣ ገርጂ ገና ጤፍ በሚዘራበት ዘመን፣ ከጓሮዬ ቆርቆሮ ዘርግቼ እልጋለሁ፣ እመታለሁ። እግዚአብሔር የሰጠን አንድ ልጅ ነው፤ ታደለ ይባላል። ባሕር ኃይል ገብቶ ምጽዋ ተመደበ።

እናቱ ብዙነሽ ባሕር የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም። የምታውቀው ከመጽሐፍ ሲነበብ ነው። «ፈርዖንን ከነሠረገላው የዋጠ ባሕር ለእኔ ልጅ ያዝናል?» ትላለች። ምን ይመለስላታል? ባሕሩ እኮ ያው ራሱ ነው።

አንድ ጊዜ ታደለ ለዕረፍት መጥቶ፣ እናቱ ማጀት እንደገባች ጠብቆ ወደ ጓሮ ወጣ። ምጽዋ ዳርቻ አንድ ፈረንጅ በሳንቃ ላይ ቆሞ ማዕበል ሲጋልብ አይቷል። በከሰል የመሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ሣለልኝ።

«ውስጡ ባዶ ነው አባዬ። እንደ ዓሣ አጥንት ጎድን ጎድን አለው፤ ላዩን ስስ ጣውላ ይለብሳል። አንተ ትሠራዋለህ?»

«በር የሠራ ምን ያቅተዋል?»

«በር ይንሳፈፋል እንዴ?»

«የእኔ በር ቢሆን አልገጥም ይል እንደሆነ እንጂ መንሳፈፉን ይንሳፈፋል» አልኩት። ሳቀ። ለእናቱ እንዳልነግር አስምሎኝ ሄደ።

ከሄደ በኋላ ወሬው ጠፋ። ድሮ ከዚያ የሚመጡ ሾፌሮች ሰላምታ ያደርሱልን ነበር፤ እነሱም ቀሩ። ሬዲዮው የሚያወራው ድል ብቻ ነው። ድል ሲበዛ ደግሞ እናት ትፈራለች። እኔም ፈራሁ፤ ወንድ ሆኜ አልተናገርኩም እንጂ። የማደርገው ቢጠፋኝ ዋንዛ ገዝቼ ሳንቃውን ጀመርኩት።

እንዴት ያለ ሥራ መሰላችሁ! በር አራት ማዕዘን ነው፤ ቀጥ ያለ ነገር ሰውን አያታልልም። ይሄ ግን ሁለቱ ጫፉ ይሾላል፣ ሆዱ ይሰፋል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይላል። ጎድኖቹን አንድ በአንድ ጠርቤ አቆምኩ። ጣውላውን ብርሃን ሊያሳልፍ ትንሽ እስኪቀረው ላግሁት፤ በፈላ ውኃ እንፋሎት አለስልሼ አጎበጥኩት። ኮላ ውኃ ሲነካው እንደሚፈታ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መገጣጠሚያውን ሁሉ በሬንጅ አሸግሁት፣ ኋላም መላ አካሉን ቀባሁት። እያንዳንዷን ምስማር ስመታ «አቤቱ፣ ጠብቀው» እላለሁ። እየሠራሁ እስካለሁ ድረስ ልጄ በሕይወት አለ የሚል ነገር ሆዴ ገብቶ ነበር። ከሃይማኖት ይሁን ከሞኝነት፣ ንስሐ አባቴን አልጠየቅኋቸውም።

ብዙነሽ ምን እንደምሠራ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። ፍልሰታ ነበርና በየማለዳው ኪዳን ትስማለች፤ ስትመለስ ዓይኗ አብጧል። ጾሙ ነው እላለሁ።

እስቲ አሁን እናንተ በአጥሩ ቀዳዳ እያያችሁ ነው እንበል። ልጁ ጦር ግንባር ያለ፣ ወሬው የጠፋ አናጢ፣ በዝናብ፣ ቆርቆሮ ሥር ቆሞ፣ ዳዊት እየደገመ፣ ቁመቱ ከሰው ትንሽ የሚበልጥ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር ሬንጅ ይቀባል። ምን ትሉ ነበር?

ሠሪ ሥራውን ከውስጥ ነው የሚያየው። እኔ ማዕበል ሲታየኝ፣ ሰፈሩ ሬሳ ሳጥን ታየው። አናጢው አየለ መርዶውን በምስጢር ሰምቷል፣ ለእናቲቱ መንገር ከብዶታል፣ አስከሬኑን ሊያስመጣ ሳጥን ይሠራል። እንዲህ ተብሎ ተወሰነ፤ አንድም ሰው ሳይጠይቀኝ።

መርዶ እንደምታውቁት በማለዳ ነው የሚነገረው። ገና አልነጋም ብሎ አውራ ዶሮው ሲያመነታ፣ ግቢዬ በሰው ሞላ። ከፊት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወርዶፋ፣ ከጎናቸው እትዬ ዘነበች፣ ከኋላ ባለሱቁ ሰይድና የቀሩት።

«አየለ» አሉ ጋሽ ወርዶፋ፣ ትከሻዬን ይዘው፤ «ይብቃህ። ሐዘን ለብቻ አይቻልም። እኛ ምን ሠርተን ነው የምትሸሽገን?»

«ምኑን ጋሼ?»

«ኧረ ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠህ!» አለች ዘነበች። «እናቲቱ የቤተ ክርስቲያን ደጅ እየሳመች፣ አንተ እዚህ የልጇን ሳጥን ትልጋለህ?» ብላም ለቅሶውን አቀለጠችው። ሌሎቹ ተቀበሏት።

ብዙነሽ ብቅ አለች። ትጮሃለች፣ ትወድቃለች ብዬ ሮጥኩ። አልጮኸችም። ደፉ ላይ ቁጭ አለችና ቀስ ብላ፣ «እኔማ አውቄዋለሁ» አለች። «ጎድኑን ያቆምክ ዕለት አውቄዋለሁ። ራስህ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት።»

ጾም ያሳበጠው ዓይን አልነበረም ማለት ነው። ሴትዮዋ ከጎኔ እየተኛች፣ ወጤን እየሠራች፣ ልጇን ብቻዋን ስትቀብር ከርማለች።

«ማንም አልሞተም!» አልኩ፤ ድምፄን እኔው ራሴ አላወቅሁትም። «ወሬ አልመጣም። ክፉም ደግም አልሰማሁም። ይሄ ሳጥን አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

ይህን ጊዜ ነው ጉዱ። ነጠላ አዘቅዝቆ ለቆመ ሕዝብ፣ ማዕበል መጋለቢያ ብሎ ማስረዳት ይሞከራል? ሞከርኩ።

«ባሕር ላይ ቆሞ?» አለች ዘነበች፣ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ። «ከጌታችን በቀር ባሕር ላይ የቆመ ማን አለ?»

«ጴጥሮስ» አለ አንዱ ከኋላ።

«እሱም ሰጥሟል!»

ሳቅ ፈነዳ። አልቃሽ ሁሉ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ሳቀ። ጋሽ ወርዶፋ እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ብዙነሽ ብቻ አልሳቀችም። ተነሥታ ወደ ሳንቃው ሄደች፣ በጣቷ ቋቋ አድርጋ አዳመጠችው።

«ይንሳፈፋል?» አለችኝ።

«መንሳፈፍ አለበት።»

«አለበት አላልኩህም። ይንሳፈፋል ወይ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ጨዋታውን አልነበረም የጠየቀችኝ። መርከብ ሲሰጥም ምን ይያዛል ነው ጥያቄዋ።

ከኮተቤ መንገድ አጠገብ ድንጋይ ሲፈለጥበት የነበረ ካባ አለ፤ ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል። «እንውሰደው» አለች። ለለቅሶ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስምና፣ ሰይድና ጎረምሶቹ ሳንቃውን በትከሻቸው አነሡት፤ እኛ ከኋላ ተከተልን። ያገኘን መንገደኛ ሁሉ ቆቡን ያወልቃል፣ ያማትባል፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ይሸኘናል። አይሆንም ብሎ ማስረዳቱ ከብዶን «እግዜር ይስጥልን» እያልን አለፍን።

የቀበሌው ጥበቃ ግን አስቆመን። ጠብመንጃ የከበደው ልጅ ነው።

«ማን ሞቶ ነው? ቀበሌው ሳያውቅ ማነው የሚቀበረው?»

«ማንም አልሞተም ጓድ» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

«ታዲያ ምንድን ነው የተሸከማችሁት?»

«መንሳፈፊያ።»

«የምን መንሳፈፊያ? ሴትዮዋ ታለቅስ የለም እንዴ?»

«ይሄ ከጧቱ የተረፈኝ ነው» አለች ዘነበች።

በሰደፍ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። በአንድ እጁ አነሣው፤ ቅለቱ ገረመው። የብዙነሽን ፊት አየና ከኋላችን ተከተለ። ወንድም ግንባር ይኖረው እንደሆነ እንጃ።

ውኃው ላይ አኖርነው። ተንሳፈፈ። ብዙነሽ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባችና በሁለት እጇ ወደ ታች ተጫነችው። ሰጠመ፤ ለቀቀችው፤ ወጣ። ደግማ ተጫነችው፤ ወጣ። ደረቷን ጣል አድርጋ ከነሙሉ ክብደቷ ተኛችበት። ያዛት።

«እዚህ ጋ ይተነፍሳል» አለች፣ ትንንሽ አረፋ የሚወጣበትን ስፌት እያሳየችኝ። «ድገመው።»

ደገምኩት። ብዙ በር ሠርቻለሁ፤ እንደዚያች ሴት ያለ ተቆጣጣሪ ግን አልገጠመኝም።

ታደለ ከመስቀል በኋላ መጣ። መልእክት የሚያመጣ ሰው ነበር የጠፋው፤ እሱስ ደህና ነበር። እናቱ ፊቱን ዳብሳ ጨርሳ፣ ራሷ እየመራች ጓሮ ወሰደችው። «ቁምበት አላልኩህም» አለችው፤ «ከአልጋህ ሥር ይኑር።» በወታደር መኪና ጭኖ ወሰደው። ቆሞበታል አሉ፤ ማዕበሉም ጥሎታል።

ከዓመታት በኋላ ምጽዋ ከመንግሥት እጅ ወጣች። ዳግመኛ ወሬው ጠፋ። በዚህኛው ጊዜ ግን ሰፈሩ ጠየቀ። ዘነበች በየማለዳው በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ሰማችሁ?» ትላለች። «አልሰማንም» እንላለን። «እኔም አልሰማሁም» ትላለች። ቃሏ ይቺው ናት፤ ግን ሰውን እንዴት እንደምታሳድር!

አንድ ቀን ታደለ ራሱ በሩን ገፍቶ ገባ። ከስቷል፣ እግሩ ቆስሏል። እንዴት እንደመጣ ሌላ ታሪክ ነው። እህል ከቀመሰ በኋላ ነው ስለ ሳንቃው ያወራን።

«ሰጠሁት አባዬ» አለ። «ምጽዋ ስትያዝ ወደ ባሕሩ ስንገባ ከጎኔ አንድ ወታደር ነበር፣ በቅርብ ከገጠር የመጣ። ዋና አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። አስይዤ ገፋሁት።»

«ደረሰ?» አልኩ።

«ሲሄድ አየሁት። ከዚያ ሁሉም ጭስ ሆነ።»

ብዙነሽ እጇን ከልጇ ትከሻ ላይ ሳታነሣ፣ «የማን ልጅ ነው?» አለች።

«ስሙን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም እማዬ።»

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አብረን ስንጸልይ፣ የሙታኑን ስም ታነሣለች፣ የሕያዋኑን ታነሣለች፣ የታደለን ስም ትጠራለች። ከታደለ ቀጥላ ትንሽ ዝም ትላለች፤ አንድ ስም የሚጠራበት ጊዜ ያህል። ያ ወታደር ከሙታን ወገን ይሁን ከሕያዋን አታውቅምና አጠገብ ለአጠገብ ነው የምታስቀምጠው፣ ልጇ ጎን። እኔም እስክትጨርስ እጠብቃትና አሜን እላለሁ።