«ሙቀት ጨምሩ» አንደኛ ወጣ

(ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር፤ ክልሉ ክልል ከሆነ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ካሴት ቤቱ በር ላይ የሳምንቱ ዘፈኖች እንደ ሽያጫቸው ተራ በጠመኔ የሚጻፉበት ሰሌዳ ቆሟል። መምህር ዘውዱ ፋንክና ዲስኮ አቀላቅሎ ያወጣው ባለ አንድ ዘፈን ካሴት አንደኛ ከወጣ አራተኛ ሳምንቱ ነው፤ የሰውየው እግርም ከዚያ ወዲህ መሬት መርገጥ ትቷል። ሻጩ ኦጁሉ ጠመኔ ይዟል።)

ዘውዱ፦ አነሰ አልኩህ። የአንደኛና የአምስተኛ ፊደል እኩል ይሆናል?

ኦጁሉ፦ ሰሌዳው አንድ ነው ቲቸር። እርስዎን ካሳደግኩ አምስተኛው መሬት ላይ ሊጻፍ ነው።

ዘውዱ፦ ይጻፋ። ምን ዓይነቱ ፈዛዛ ነህ። ለመሆኑ ያን ደብዳቤ ለዳይሬክተሩ ሰጠህልኝ?

ኦጁሉ፦ የሥራ መልቀቂያውን?

ዘውዱ፦ ሌላ ምን አለ? አንደኛ የወጣ ሰው ሰባተኛ ቢ ገብቶ የጠመኔ አቧራ ሲቅም አይውልም። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ጆሮ የሌለህ» ብዬዋለሁ።

ኦጁሉ፦ (ሰሌዳውን እየጠረገ) ግን ቲቸር፣ ጋምቤላ ላይ ቆመው «ሙቀት ጨምሩ» ይላሉ? ይሄ አልበቃዎትም?

ዘውዱ፦ ፋንክ አንተ የት ይገባሃል። ሕዝቡ ገብቶታል። በዚህ ሳምንት ስንት ሸጥክ?

ኦጁሉ፦ ሠላሳ። ሁሉንም የጎግ ወረዳ ኳየር ወሰደው።

ዘውዱ፦ (ደረቱን ነፍቶ) የቤተ ክርስቲያን ኳየር በኔ ዲስኮ ጨፈረ በለኛ።

ኦጁሉ፦ አልጨፈሩም። ዘመሩ።

ዘውዱ፦ ዲስኮ አይዘመርም። አላወቁበትም ማለት ነው፤ ሄጄ አስተምራቸዋለሁ።

ኦጁሉ፦ የእርስዎን መች ከፈቱት ቲቸር። የራሳቸውን መዝሙር ቀዱበት እንጂ።

ዘውዱ፦ በምኑ ላይ?

ኦጁሉ፦ በካሴትዎ ላይ። ባዶ ካሴት ከከተማው ከጠፋ ወር አለፈው። ባለፈው ሳምንት የገዙትም የኢታንግ ኳየሮች ናቸው። (ካሴት አንስቶ) እነዚህን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ከደፈኗቸው ያለው ይጠፋና አዲስ ይቀዳል።

ዘውዱ፦ (ላቡን እየጠረገ) ታዲያ ከዚህ ሁሉ ካሴት መሀል የኔን?

ኦጁሉ፦ የሌሎቹን ሰው ያዳምጣቸዋል። ማጥፋቱ ያሳዝናል።

(ዘውዱ በርጩማው ላይ ዘጭ ይላል። አራት ሳምንት ሙሉ ኒውላንድን ሲያካልል አንድም ቤት ዘፈኑ ተከፍቶ እንዳልሰማ አሁን ገና ትዝ አለው። ሰባተኛ ቢም ከመቅጽበት ናፈቀው።)

ዘውዱ፦ ዳይሬክተሩ... ደብዳቤውን አነበበው?

ኦጁሉ፦ አልደረሰውም።

ዘውዱ፦ አልሰጠኸውም?

ኦጁሉ፦ ሁለቴ አነበብኩት። ይሄ ሰው በዚህ ዘፈን እንጀራ አይበላም ብዬ ቀደድኩት። ሠላሳ ካሴት ስልሳ ቀዳዳ አለው፤ የእርስዎ ደብዳቤ ደግሞ ረጅም ነው። «ጆሮ የሌለህ» የሚለው አሁን ጎግ ነው ያለው።

ዘውዱ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እግዜር ይስጥህ። በል፣ ስሜን ከሰሌዳው አጥፋው።

ኦጁሉ፦ እንዴት ይጠፋል? ነገ የአቦቦ ኳየር ይመጣል፤ ሃያ አዟል። (ጠመኔውን አስቀምጦ) ይልቅ ቲቸር፣ ሌላ ደብዳቤ አለዎት?