ኡስታዝ ሸውከትና የሮጠው ቀብር

«እኔ ነኝ የጀመርኩት» የሚል ሽማግሌ የሌለው ከተማ የለም። አንዱ ትራሙን፣ ሌላው የባሕሩን ዳርቻ መንገድ አስጀመርኩ ይላል። ለእኛ ለእስክንድርያ ሰዎች የደረሰን ግን የባሰበት ነው፤ ክቡር ኡስታዝ ሸውከት ራጊብ፣ ሲኒማን የጀመሩ!

ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ስምንት ፊልም ሠርተዋል። ይህን ያልሰማ ሰው ካለ ዛሬ ጠዋት ከመርከብ የወረደ መሆን አለበት። ሻይ ቤት ሲገቡ ዶሚኖው ይቆማል። ሲኒማ ቤት ከገቡማ አለቀ፤ ጀግናው ፈረስ ላይ ሲወጣ «ይህቺ ትዕይንት የኔ ናት! ሰረቁኝ!» እያሉ ይነሣሉ። አንድ ቀን ጀምበር ስትጠልቅ አይተውም እንዲሁ ብለዋል። እኔ ራሴ መንገድ ላይ ሳያቸው ስንት ጊዜ ጋዜጣዬን ፊቴ ላይ ዘርግቼ አልፌያለሁ።

ከስምንቱ የተረፈው አንድ ፊልም ነው። ሌሎቹን ነጋዴዎች ፊልሙ ላይ ያለውን የብር ማዕድን አጥበው ካወጡ በኋላ ፕላስቲኩን ለማበጠሪያ ፋብሪካ ሸጡት። ስለዚህ ክቡርነታቸው ፀጉሩን ያበጠረ ሰው ሲያዩ ይቆጣሉ። እዚህ ላይ እኔም አብሬ እቆጣለሁ፤ የሰው ዕድሜ እንዴት ማበጠሪያ ይሆናል? በተረፈው ፊልም ውስጥ ሟች ባለቤታቸው ደውለት ሃኒም የዓሣ አጥማጅ እናት ሆና የልጇን ቃሬዛ ትከተላለች። ደውለት ስትራመድ የምትታይበት ሌላ ቦታ በዓለም የለም።

ባለፈው ዓርብ የከተማው ሹማምንት ሊያከብሯቸው ተነሡ። ንግግሩ አለቀ፣ አበባው ተሰጠ፣ ፊልሙ ተጀመረ። የዚያን ዘመን ፊልም በእጅ እየተዘወረ በዝግታ የተነሣ ነው፤ የዛሬው የፊልም ማሳያ ማሽን ደግሞ ከመሮጥ ሌላ አያውቅም። ቃሬዛው ፈረጠጠ። ደውለት ሃኒም ከኋላው ኩስ ኩስ አለች። አዳራሹ አውካካ። ከፊት የተቀመጠው ሹም በመሐረቡ እንባውን ጠረገ፣ የሳቅ እንባውን! ደሜ ፈላ።

ኡስታዝ ተነሡ። ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ ወደ ማሽኑ ክፍል ወጡ፤ ተከተልኳቸው። ሞተሩን ፈትቶ በእጅ እንዲያዞረው ማህሩስን፣ የማሽኑን ሠራተኛ፣ አዘዙት።

«ኡስታዝ፣ ፊልሙ መብራቱ ፊት ከዘገየ እኮ ይቀጣጠላል» አለ ማህሩስ። «ሌላ ቅጂ የለዎትም።»

«ሲስቁባት ከምትኖር ትንደድ። ፍታ!»

ፈታው። ኡስታዝ ራሳቸው መዘወሪያውን ይዘው ማዞር ጀመሩ። ትንሽ እንዳዞሩ ክንዳቸው ከዳቸውና እኔ ተቀበልኳቸው። ከዚያ በኋላ ያወረዱብኝን ስድብ ጠላቴም አይስማው።

«ቀስ በል አንተ! ልጇን ልትቀብር ነው እንጂ ባቡር ሊያመልጣት ነው?» ቀስ ስል ደግሞ «ደውለት እንዲህ ስትጎተት አይተሃል?» ይላሉ። በመጨረሻ ተስፋ ቆረጡብኝና እጃቸውን እጄ ላይ ጭነው ልኩን ያሳዩኝ ጀመር። ፊልሙ አልነደደም። ታች ሳቁ ቀነሰ፣ ከዚያ ጠፋ፤ አንዲት ሴት ንፍጧን ስትስብ ሰማሁ። ደውለት ሃኒም እንደ ሰው እየተራመደች ልጇን ቀበረች።

አዳራሹ ባዶ ሆነ። ሹማምንቱ ደህና ሁኑ እንኳ ሳይሉ ሄዱ። ክንዴ ዝሏል፣ ሸሚዜ በላብ ርሷል፤ ምስጋና ጠበቅኩ። ኡስታዝ ግን በማሽኑ ክፍል ቀዳዳ ነጩን ሸራ እያዩ ቆመዋል።

«አንዴ ድገማት» አሉኝ፣ ዞር ሳይሉ።

ማህሩስ ፊልሙን መልሶ ጠቀለለ። ደገምኳት።