ብርሌ የቀመሰኝ ቅዳሜ

ሰው ሕልሙን በሌሊት ያያል። እኔ ግን ትናንት ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በገዛ ቤቴ ከበር ኋላ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁ። ለምን ከበር ኋላ ተቀመጥሽ የሚል ካለ ልንገረው፤ ወንበር አልበቃማ። ምራቴ ምንታምር ናት ያለችኝ። «እማማ፣ ዐሥራ ሁለት ተማሪ ነው የሚመጣው። እርስዎ ጓዳ ሆነው ብርጭቆውን ብቻ ቢያለቀልቁልኝ» አለች። እኔ ውዳላት፣ ዝዋይ ላይ አርባ ዓመት ጠጅ ጥዬ የሸጥኩ ሴት፣ ብርጭቆ አለቅላቂ።

ምንታምር ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ወይን አሳላፊ ናት። እዚያ ከአንድ ፈረንጅ የወይን አቀማመስ ተማረችና አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሥራዋ ስትወጣ፣ የእኔ ሳሎን ውስጥ ታስተምራለች። ሰው ከፍሎ መቅመስ ይማራል። ብርጭቆውን ያሽከረክራሉ፣ ያሸታሉ፣ ይጎነጫሉ፣ ከዚያ ይተፋሉ። የሚተፋ መጠጥ ለምን ይገዛል ብዬ ብጠይቃት ሳቀች። ሲጨርሱ ያጨበጭቡላታል። ለእኔ በአርባ ዓመት ውስጥ ያጨበጨበ ቢኖር ብርሌው እንዲሞላለት የሚጣራ ሰካራም ነው።

እሱም ይሁን። ወይኑ የእሷ ነው፣ አልነካሁባትም። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን የጠጅ ትምህርት ጨመረች። ጠጁን የጣልኩት እኔ ነኝ። እና በበሩ ቀዳዳ ምን ስትል ሰማኋት? «የጥንት ሰዎች ጠጅ ለእንግዳ ሲያሳልፉ፣ መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ራሳቸው ይቀምሱ ነበር። ክፉ ነገር የለበትም፣ ቢኖርበትም እኔ ልቅደም ማለት ነው።» ተማሪዎቹ ጻፉ። ያንን ያሳየኋት እኔ ነኝ፤ ሙሽራ ሆና በመጣች በሳምንቷ፣ መዳፏን በእጄ ይዤ። የጥንት ሰው የተባለችው ሴትዮ ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ እያለቀለቀች ነበር።

በዚህ ነገር ሆዴ እንደ ጌሾ እንደመረረ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ።

በሕልሜ የድሮው ጠጅ ቤቴ ተከፍቶ ነበር። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ብርሌዎች ናቸው፤ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት ሰዎች። ብርሌዎቹ ረጃጅም አንገታቸውን ቀና አድርገው ያወራሉ፣ ሰዎቹ ጸጥ ብለው ተራ ይጠብቃሉ። ደጅ ላይ ንቦች ማር ሊገዙ ተሰልፈዋል፤ አንዷ ቀመሰችና ስኳር አለበት ብላ መለሰችው። የጌሾ ነጋዴው አህያውን ተሸክሞ ገባ፣ አህያው ከላይ ሆኖ ዋጋ ይከራከራል። ማንንም አልገረመው፤ እኔንም አልገረመኝ።

አንድ ሆዳም ብርሌ የድሮ ደንበኛዬን አቶ ደምመላሽን ወገባቸውን ይዞ አነሳቸው። ወደ ብርሃኑ አድርጎ አያቸው፣ አሽከረከራቸው፣ አናታቸውን አሸተተ፣ ላሳቸው።

«የስንት ዓመት ናቸው?» አለ ሌላው ብርሌ።

«የሰባ አራት። ዳር ዳሩ ጥሩ ነበር፤ መሃሉ ላይ ሐሜት በዝቶበታል» አለና ተፋቸው። አቶ ደምመላሽ እጅ ነሥተው፣ አመስግነው፣ ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ።

ወዲያው ጠጅ ቤቱ ትምህርት ቤት ሆነ። ምንታምር ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማለች፤ አጠገቧ የምስክር ወረቀት ተቆልሏል። ጠጅ በደጁ አልፎ የማያውቅ ሁሉ አስተማሪ ነው። የሚያውቀው መሬት ተቀምጦ ያወቀውን መርሳት ይማራል፤ ፈጥኖ የረሳ ይሸለማል። አንዲት ሴትዮ የራሷን ስም ጭምር ረስታ አንደኛ ወጣች፤ ወረቀቱ ላይ የሚጻፍ ስም ጠፋ።

እኔም ተጠራሁ። ምንታምር ጌሾው ከጋኑ በስንት ቀን ይወጣል አለችኝ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ፤ ምላሴ እንቢ አለኝ።

«ቀን አይቆጠርለትም» አልኩ። «ጆሮሽን ጋኑ ላይ ለጥፈሽ ትሰሚዋለሽ። ማንሾካሾኩን ሲቀንስ ታወጪዋለሽ።»

ክፍሉ ሁሉ አዘነልኝ።

«ወደቁ፣ እማማ» አለች በዚያ በለሰለሰ ድምጿ። «ብዙ ያውቃሉ።»

ደረቴ ላይ ወረቀት ለጠፉብኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ በሕልሜ ግን አነበብኩት። «የጥንት» ይላል። በሕይወቴ ያነበብኩት አንድ ቃል እሱ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ያ ሆዳም ብርሌ እኔን አነሳኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። አርባ ዓመት ስቀምስ ኖሬ፣ ውዳላት ራሷስ ምን ምን ትላለች ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ቀሚሴን አስተካከልኩ። አሽከረከረኝ፤ ነጠላዬ ወደቀ። አሸተተኝ። ከተረከዜ ጀምሮ ቀመሰኝ።

«ምን ምን ትላለች?» አለች ምንታምር እስክሪብቶዋን ይዛ።

«ቅናት» አለ ብርሌው። «መጀመሪያው ላይ ቅናት። መሃሉ ላይም ቅናት።»

«መጨረሻው ላይስ?»

ብርሌው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አሰበ። «ጌሾ» አለ። «ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ግን አልደረሰችም። ገና ጉሽ ናት።»

እኔን ጉሽ። ያልጠራ ጠጅ ለሰው አሳልፌ የማላውቀውን ሴት።

«አንተ ባዶ አንገት» አልኩት። «አንተን ሰው ያሰኘህ እኔ የሞላሁብህ ነው። የራስህ ያለህ ነፋስ ብቻ ነው።»

ምንታምር ይህንንም ጻፈችው። ከሥሩ አሰመረችና «የጥንት ሰዎች ስድብ» አለች። ተማሪዎቹ አጨበጨቡላት፤ ለተናገርኩት ለእኔ ሳይሆን ለጻፈችው ለእሷ። ብርሌው ተፋኝ።

ወደቅሁ። ጥቁር፣ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፣ ግድግዳው ቀንድ ቀንድ ይሸታል። በእጄ ብዳብሰው አንድ ቦታ ስንጥቅ አገኘሁ፤ ስንጥቁ በብር ሽቦ ተሰፍቷል። ያንን ስፌት አውቀዋለሁ። ጠጅ ቤቱን የከፈትኩ ቀን ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሰጠኝ የቀንድ ዋንጫ ነው። ሲሰነጠቅ ያሰፋሁት እኔው ነኝ። ቀና ስል ከላይ ለብ ያለ ዝናብ ጣለብኝ። ቀመስኩት። የራሴ ጠጅ ነው።

ብንን አልኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ዐሥራ ሁለቱ ተማሪዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ መካከላቸው ጠረጴዛው ላይ ዋንጫዬ ቆሟል። እያንዳንዱ ይጎነጫል፣ ዐይኑን ጨፍኖ ያስባል፣ ጎንበስ ይልና ዋንጫዬ ውስጥ ይተፋል።

ገባሁ። አንድ ጨዋ ልጅ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ምንታምር ክው አለች። መትፊያ ዕቃዋን ሆቴል ረስታው እንደሆነ፣ አሁኑኑ እንደምታጥበው ነገረችኝ። ዋንጫውን በሁለት እጄ አነሳሁት፤ እስከ አፉ ሞልቷል። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

«አሳላፊዋ አንቺ አይደለሽ? በይ መዳፍሽን ዘርጊና ለተማሪዎችሽ አሳያቸው። የጥንት ሰዎች ቀድመው ራሳቸው ይቀምሱ ነበር።»