ጌይነር ዝም ያለችበት ክረምት

በየትኛውም ሰፈር፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ እንኳ ሰው የምታስቅ አንዲት ሴት አትጠፋም። ሰው ሁሉ ይወዳታል፣ ሰው ሁሉ ይፈራታል። እሷ ባለችበት ማንም ቀድሞ ተነስቶ አይሄድም፤ የሄደው ሰው ወዲያው ወሬ እንደሚሆን ያውቀዋላ። ሌላው ሰፈር እንዲህ ያለችውን ሴት በየደጃፉ ቆሞ ያዳምጣታል። እኛ ሃል ከተማ ከድሮው የዓሣ ወደብ ጀርባ የምንኖረው ግን ቲኬት ቆርጠን ነው የምንሰማት፤ የእኛዋ ሥራዬ ብላ ይዛዋለች።

ክብርት እሜቴ ጌይነር ስቴቭሊ ትባላለች። ፊቷን ቴሌቪዥን ላይ አይታችሁ «ይቺን ሴት የት ነው የማውቃት?» ብላችሁ ከሆነ፣ አዎ፣ እሷው ናት።

እኔ ሌን እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ቤታችን አንድ ግድግዳ ይጋራል። መድረክ ላይ ወጥታ «የጎን ቤቱ ሰውዬ» ስትል እኔን ማለቷ ነው። «ይሄ ሰውዬ» ትላለች፣ «ፀሐይ ስትወጣ ነገሩን ተጠራጥሮ ጃንጥላ ይዞ ይወጣል።» ይህን ያለችው አንድ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ጠዋት አውቶቡሴ ላይ የወጣው ተሳፋሪ በሙሉ «ሌን፣ ዛሬስ ፀሐይዋን አመንካት ወይስ ጃንጥላው አብሮህ ነው?» እያለ ገባ። ሥራዬን እስክለቅ ድረስ ያው ነበር።

ጌይነር በልጅነቷ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። አጠገቧ የቆሙት ሴቶች እየሳቁ እጃቸውን በቢላ ስለሚቆርጡ አለቃው ወደ በረዶ ቤቱ አዛወራት። ብዙም ሳይቆይ በረዶ ቤት ያሉትም ሴቶች ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ጀመር፤ ብርዱ ይሁን ሳቁ አለቃው መለየት አቅቶት ተዋት።

ያን ጊዜ በሠራተኞች ክበብ መድረክ ላይ ቀልድ የወንድ ነበር። ሴት ከወጣች ትዘፍናለች። ስለዚህ እሜቴ «ዘፋኝ ነኝ» ብላ ገባች። ድምፅዋ የመርከብ ጡሩንባ ነው፤ አንዱን ስንኝ እንደጨረሰች ዘፈኑን ትታ ስለ እናቷ ማውራት ጀመረች። አዳራሹ ገና መሳቅ ሲጀምር፣ ከመድረኩ ጎን የራሱ ማይክሮፎን ያለው የክበቡ ሊቀመንበር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌይነር፣ የኔ ፍቅር፣ አንዴ ቆይልኝማ። ፓዩ መጥቷል።»

በሃል ትኩስ ፓይ፣ ያ ሊጥ ውስጥ የሚጋገረው ሥጋ፣ ከመጣ ንግሥቲቱም ብትሆን ንግግሯን ታቋርጣለች። አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ተሰለፈ። ሌላ ሰው ቢሆን መድረኩን ጥሎ፣ እቤቱ ገብቶ ያለቅስ ነበር። ጌይነር ማይክሮፎኑን ከነገመዱ እየጎተተች ወርዳ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች፤ ወሬዋንም ከዚያው ቀጠለች። ከፊቷ የቆመውን ሰውዬ መላጣ ብቻ እያየች አሳቀችን። ኮሜዲያን የሆነችው ያን ምሽት ነው፤ ሊቀመንበሩም እስኪሞት ድረስ «እኔ ነኝ ያገኘኋት» ይል ነበር።

ቀጥሎ ኤዲንብራ ሄደች፤ ዓለም ሁሉ ቀልድ ይዞ ወደሚሰበሰብበት ፌስቲቫል። ከአንድ መጠጥ ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ሰጧት። ባለቤቴ ኦድሪ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ብቻዋን አንተዋትም» ብላ ስኮትላንድ ድረስ ጎተተችኝ። ስንገባ ከእኛ ሌላ ከዝናብ የተጠለሉ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጌይነር አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ እንዳለ አድርጋ አንድም ነገር ሳትቀንስ ሥራዋን ሠራች። «ከኋላ ያላችሁት ይሰማችኋል?» ብላ ስትጠይቅ ኦድሪ ተነስታ ኋላ ሄዳ ተቀመጠችና «አዎ፣ ይሰማናል» አለቻት። ከተጠለሉት አንዱ የቴሌቪዥን ሰው ሆኖ ተገኘ።

እንዲህ ሆና ተዋናይት ሆነች። መጀመሪያ በአንድ የፖሊስ ድራማ ሬሳ አደረጓት። ሥራው ዝም ብሎ መተኛት ነው። መርማሪው ፊቷን ገልጦ ሲያይ ቅንድቧን አነሳችበትና ከአንዴም ሦስቴ ደግመው ቀረጹት። ከዚያ ነርስ ሆነች፣ ከዚያ መነኩሲት፣ በመጨረሻም አገር ሁሉ በሚያየው ተከታታይ ድራማ ውስጥ ምላሰ ረጅም የመጠጥ ቤት ባለቤት ሆነች። ደራሲዎቹ ሰለቿት መሰለኝ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከደረጃ ጥለው ገደሏት። ከቤቴ ማዶ የምትኖረው ወይዘሮ ጄብሰን በማግስቱ ጥቁር ለብሳ ወጣች። ጌይነር ራሷ በሩን ከፍታ «ሂልዳ፣ እኔ እኮ አለሁ» ብትላት፣ «አውቃለሁ፣ ለአንቺ አይደለም፤ ለሴትዮዋ ነው» አለቻት።

ወይዘሮ ጄብሰን የጌይነር ዋና ቀለብ ናት። «ይሄን ደግሞ መድረክ ላይ እንዳታወጪው» ብላ ትጀምራለች። ጌይነር «ኧረ በጭራሽ» ትላታለች። ነገርየው የሚቀጥለው ቅዳሜ ሌስተር ከተማ መድረክ ላይ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኛ ጋ አፋፉ የጌይነር መድረክ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ይህ አፍ ተዘጋ።

መጀመሪያ ድምፅዋ ሻከረ፤ ከዚያ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ማርሽ ይንቋቋ ጀመር። ሐኪሙ ጉሮሮዋ ውስጥ እባጭ አገኘና ቀዶ ጥገና አደረገላት። ሆስፒታል የወሰድኳት እኔ ስለነበርኩ ያላትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ወይዘሮ ስቴቭሊ፣ እስከ ጸደይ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ። ሹክሹክታም አይፈቀድም። ከተናገሩ ድምፅዎን ዋስትና አልሰጥዎትም።» ለንደን ውስጥ አንድ ትልቅ ቴአትር ቤት በዕድሜዋ የመጀመሪያ የሆነውን መሪ ሚና ሰጥቷት በበጋው ልትጀምር ነበር። መኪና ውስጥ ገብታ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናት ሴት፣ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ጥለዋት እንደሄዱ ሕፃን ነበረች።

ሰፈሩ ግን አላዘነላትም። ባሪ ዓሣ ጠባሹ ሱቁ ውስጥ ውርርድ አስያዘ። «እስከ ሻይ ሰዓት አትቆይም» አለ አንዱ። «በእንቅልፍ ልቧ ታወራለች፣ ያ ይቆጠራል ወይ?» አለ ሌላው። ሁሉም ተሸነፈ፤ ጌይነር ዝም አለች።

መጀመሪያ ወይዘሮ ጄብሰን ሾርባ ይዛ ሄደች። ልታፌዝባት ነበር ሐሳቧ። ተቀመጠች፤ ጌይነር አየቻት፤ ወይዘሮዋ ጌይነርን አየቻት። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰው አይችለውም። ሰዓት ሲያንኳኳ ይሰማል። ወይዘሮ ጄብሰን ሳታስበው አፏ ተከፈተ፤ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ የልቧን ሁሉ ዘርግፋ ወጣች። እንደ ወትሮው በጥያቄ የሚያጣድፋት የለ፤ ጌይነር ቅንድቧን ብቻ ታነሳለች፣ ታወርዳለች። በማግስቱ ባሪ ሄደ፤ ሲወጣ አፍንጫውን እያበሰ ነበር። ቀጥሎ የሰፈራችን ቄስ ገብተው ጨለማ እስኪቃረብ ቆዩ። ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እኔም ሄድኩ። ጋዜጣ ላነብላት ነበር። አየር ጠባዩን አነበብኩላት፣ እግር ኳሱን አነበብኩላት፤ ከዚያ ጋዜጣውን አጥፌ ስለ ኦድሪ ቀብር ነገርኳት፤ ለገዛ ልጄ እንኳ ያልነገርኩትን። ስጨርስ ቅንድቧን አላነሳችም። እጄን ያዘችና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አልለቀቀችውም።

ጸደይ መጣና ሐኪሙ ፈቀደላት። የክበቡ በር ላይም ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ጌይነር ስቴቭሊ ወደ ለንደን ከመሄዷ በፊት ለሰፈሯ ሰው ትቀርባለች ይላል። ሰፈሩ በሙሉ ሚስጥሩን ለማን እንደዘረገፈ ያን ዕለት ገባው።

ወይዘሮ ጄብሰን በሬን አንኳኳች። ፊቷ ነጥቷል።

«ሌን፣ አንተ ምን ነግረሃታል?»

«ምንም።»

«እኔም ምንም።»

ሁለታችንም ወደ ጌይነር በር ተመለከትን።

«ከአገር የሚወጣ አውቶቡስ አለ?» አለችኝ።

«ጡረታ ወጥቻለሁ ሂልዳ።»

ቅዳሜ ምሽት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መቅረት ራሱ ሚስጥር አለብኝ ብሎ ማመን ስለሚመስል ማንም አልቀረም። ጌይነር ወጣች። ድምፅዋ ወፍሯል፤ ከጉሮሮዋ ሳይሆን ከእግሯ የሚወጣ ይመስላል። የፊቱን ረድፍ አየች፤ ባሪ ወደ ጫማው አቀረቀረ። ሁለተኛውን ረድፍ አየች፤ ቄሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ እኛ ስትዞር ወይዘሮ ጄብሰን ጉልበቴን በጥፍሯ ያዘችው።

ጌይነር አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ራሷ ብቻ አወራች። ከኋላው ስለማይዘጋው የሆስፒታል ልብስ። ስልክ ደውሎ ምንጣፍ ሊሸጥላት ስለሞከረ ሰውዬ፤ እምቢ ለማለት ድምፅ ስላልነበራት ስልኩ ላይ እንዳጨበጨበችለትና እሱ ደስ ብሎት ሦስት ቀን ተመላልሶ እንደደወለ። ዝም ስትል ድመቷ የሞተች መስሏት ደረቷ ላይ ወጥታ ትንፋሽዋን እንዳዳመጠች። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ስለ እኛ ግን አንዲት ቃል አልወጣትም።

እፎይታችን አንድ ብርጭቆ ቢራ እስኪጠጣ ቆየ። ከዚያ ወይዘሮ ጄብሰን ቅር አላት።

«ምነው እኔን ዘለለችኝ?» አለች። «እኔ አላስቅም?»

«ተይው ሂልዳ» አልኳት።

«አልተውም። በሰባ ስምንት ዓመቴ ባሌን ከቀበረልኝ የቀብር አስፈጻሚ ጋር በየሐሙሱ ዳንስ መሄዴ አያስቅም? ድንቄም ኮሜዲያን።»

ባሪ ከማዶ ተነሳ።

«እሱማ ምን አለው» አለ። «ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ዓሣ የጠበሰ ቤተሰብ ልጅ ሆኖ፣ የዓሣ ሽታ አንገሽግሾት፣ በድብቅ አትክልት ብቻ የሚበላ ሰው እዚህ ቆሞ የለም ወይ?»

ሰው ሁሉ ወደ ቄሱ ዞረ። ቄሱ ካፖርታቸውን አንስተው ወጡ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጌይነር ከጎኔ ትራመድ ነበር። «ሰው እያወራኝ ስመልስለት የሰማሁትን ለመድረክ ወስጄ አላውቅም ብል ውሸት ነው» አለችኝ። «ድምፅ ሳይኖረኝ የሰጣችሁኝን ግን ካልፈቀዳችሁ አልነካውም። ያንተን እፈልገዋለሁ ሌን። በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ ይበልጣል።»

«አይሆንም» አልኳት።

«እሺ» አለች። ሳውቃት በአንድ ቃል ስትመልስ የመጀመሪያዋ ነው።

ለንደን ሄደች። በዚያ ቴአትር ልጆቿ የካዷትን አሮጊት ሆና ተጫወተች፤ አይቻታለሁ፤ አንድም ሰው አልሳቀም፤ መሳቅም አልነበረበትም። በመከር ስትመለስ ልብ ያልኩት ነገር ነበር። ሰው የኦድሪን ስም ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ጀምሯል፤ አንዳንዱም ጭራሽ መጥራቱን ትቷል። ኦድሪ ደግሞ በሕይወቷ ድምፅ ዝቅ ተደርጎላት አያውቅም። ሄጄ የጌይነርን በር አንኳኳሁ።

«የእኔን መድረክ ላይ ንገሪው» አልኳት።

«ርግጠኛ ነህ?»

«እሷ ብትኖር ከፊት ረድፍ ትቀመጥ ነበር።»

ሊድስ ከተማ ባለ ሁለት ፎቅ ቴአትር ቤት ውስጥ ሆኜ ሰማኋት። «የጎን ቤቱ ሰውዬ» ብላ ጀመረች። «ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታለች። እህቱ ኖርማ ልትጠይቃት ትመጣለች፤ ሁልጊዜ አንድ ባለ ፀጉር ካፖርት ለብሳ፣ ሁለት ውሾች ሲጣሉ የሚመስል። ሚስትየው ሞቷ እየቀረበ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ 'ስማ' ትለዋለች። 'ኖርማ ያንን ካፖርት ለብሳ ቀብሬ ላይ ከመጣች፣ ተነስቼ ነው የምወጣው።'

«የቀብሩ ቀን ደረሰ። በሩ ተከፈተ። ኖርማ ገባች። ካፖርቱም ገባ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጌይነር ጠበቀች።

«ይሄ ሰውዬ ቄሱን አያይም። አበባውን አያይም። ሳጥኑን ብቻ ነው የሚያየው። ይጠብቃል። ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችማ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ከላይ ፎቅ የሰው ትንፋሽ ይሰማል።

«መዝሙሩ አለቀ። ምንም የለም። ሰውዬው ወደ እህቱ ጠጋ ይልና በጆሮዋ እንዲህ ይላታል። 'ኖርማ፣ እስቲ አንዴ ዙሪ። በደንብ ትይሽ።'»

እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ይስቃል፣ ያለቅሳል። ከጎኔ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ዓይኗን እየጠረገች ወደ እኔ ዞረች። «ሚስትየዋን ባውቃት ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ። ኦድሪ ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ ያዋራኝ የመጀመሪያው ሰው ይህች ናት።

በባቡር ስንመለስ ጌይነር ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሳንድዊች ትበላለች።

«እኔ ኖርማን እንደዚያ አላልኳትም» አልኳት።

«አላልካትም።»

«ታዲያ ለምን ጨመርሽው?»

«ልትላት ስለፈለግህ።»

መስኮቱ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ሴልቢ ጣቢያ እስክንደርስ ድረስ አሰብኩበት። ፈልጌ ነበር።