የታይስቶ የአየር ጭንብል

በየመንደሩ በገዛ እጁ ያልሠራውን ዕቃ የማያምን አንድ ሰው አለ። ሱቅ የሚሄደው ሊገዛ አይደለም፤ ዕቃውን አገላብጦ አይቶ፣ «ይቺማ ምን አላት! ቤቴ እሠራታለሁ» ብሎ ሊመለስ ነው። በኛ በሳይማ ሐይቅ ዳር ይህን ሥልጣን የያዙት ጎረቤቴ ክቡር ኢንጂነር ታይስቶ ናቸው። ኢንጂነርነቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ከሣር ማጨጃ የሠሩት የበረዶ መጥረጊያ በረዶውን ከሳቸው ደጅ አንሥቶ እኔ ደጅ ይከምረዋል። የፖስታ ሣጥናቸው የፖስተኛዋን ጓንት ነክሶ አስቀርቷል። ስንስቅባቸው፣ «ይሠራል አይሠራም?» ይላሉ። ይሠራል፣ ምን ይደረግ!

ዘንድሮ ጀልባቸውን በሥራ ክፍላቸው ውስጥ ሊቀቡ ተነሡ። ቀለሙ ሳንባ ስለሚጎዳ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያቀብል ጭንብል ያስፈልገዋል። ሱቅ ሞልቷል፤ እሳቸው ግን ከአሮጌ የብየዳ ጭንብል፣ ከምንጣፍ መጥረጊያ ሞተርና ከልብስ ማጠቢያ ቱቦ የራሳቸውን ሠሩ። የቱቦውንም አፍ በግድግዳው አሹልከው በግቢያቸው ሳውና፣ በእንጨት እሳት በሚሞቀው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ጥግ አወጡት። ማክሰኞ ሲሞክሩት እንከን አልነበረውም። ማክሰኞ ግን ሳውና የሚያነድ የለም፤ የሳውና ቀን ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ ባለቤታቸው አይላ እንደ ወትሮዋ የሳውናውን እሳት አያያዘች። ፎጣዬን አንጠልጥዬ ስደርስ አየሩ ከብዶ ጭሱ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ቱቦው ደግሞ ይስበዋል። ሮጬ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባሁ። ክቡርነታቸው ባልዲ ላይ ተቀምጠው ብሩሹ ከእጃቸው ወድቋል። አፍንጫቸው ከቫርኒሽ ጋር ኖሮ ኖሮ ማሽተት ካቆመ ቆይቷል። እዚህ ላይ ማዕረጉ ይቅር፤ ጭንብሉን መንጭቄ ጎትቼ አወጣሁት።

«አይላ! አምቡላንስ ጥሪ!»

«ታይስቶ! ምን ሆነሃል? ታይስቶ!»

ሣሩ ላይ እንደተጋደመ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ቱቦው... አጠረ መሰለኝ። አንድ ሜትር ብጨምርበት...»

«ዝም በል አንተ! ልትሞት ነበር እኮ!» አልኩት። ይህን አስቸጋሪ ሰውዬ ምን ያህል እንደምወደው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሆስፒታል ሲመለስ አይላና እኔ ደረጃውን የጠበቀ ጭንብል ገዝተን ሰጠነው። ጀልባውን በሱ ቀብቶ ጨረሰ።

«አንዲት ብሎን አልነካሁም» አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ አንጀቴን በላው። ከዚያ ወዲያ የሥራ ክፍሉ ተዘግቶ ሰነበተ።

ባለፈው ሰኞ የዳቦ መጥበሻዬን ይዤ በሩን አንኳኳሁ።

«እምቢ ብሎኛል። አዲስ ልግዛ እንዴ?»

«ልትገዛ? አብደሃል እንዴ! አምጣው ወዲህ!»

መነጽሩን አድርጎ መብራቱን አበራ፤ ከዚያም እያፏጨ ይፈታታው ጀመር። መጥበሻው ደህና ነበር፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሦስቱን ብሎን ያላላሁት እኔ ነኝ።